የተቆረጠ እንጨት አያድግም

ዕቃ በርካሽ የገዛ ሰው እጁ አያርፍም። ርካሽ ኮት የገዛ እንደ ሆነ ለማሳጠር፣ ርካሽ ቤት የገዛ እንደ ሆነ ግድግዳ ለማፍረስ ይቸኩላል። ብዙ ገንዘብ ያወጣበትን ዕቃ ግን ፈርቶና ተጠንቅቆ ይይዘዋል። ይህ የሰው ሁሉ ጠባይ መሆኑን ብናውቅም፣ በራሳችን ቤተ ሰብ ውስጥ ደርሶ በዐይናችን ያየነው ባለፈው ዓመት ስለ ሆነ፣ ነገሩን ለአንባብያን እንደሚከተለው ለመጻፍ ወደናል። የአሜሪካንን ነገር ስናነሣ የምንጠቅሰው ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውሳለን።

ባለፈው ዓመት መሥሪያ ቤታችን ለአጭር ትምህርት ወደ አሜሪካ ልኮን ነበር። ትምህርቱ በመስከረም መጨረሻ ሲፈጸም፣ የቀረንን ሁለት ሳምንት በሚኒሶታ ክፍለ ግዛት በዱሉት ከተማ ከሚኖረው ከታላቅ ወንድማችን ዘንድ ለማሳለፍ ሄድን። ዱሉት በታላቁ በሱፒሪየር ሐይቅ ዳር የተሠራች ከተማ ናት፤ ከእርስዋ ወጥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው ከጫካ በቀር የሚያየው ጥቂት ነው። ወንድማችን በዚያ አገር ከ20 ዓመት በላይ ስለ ኖረ ዜግነቱን ወስዷል፤ የአገሩንም ልማድ ለምዷል። ከልማዶቹም አንዱ፣ በእኛ አቈጣጠር ጥቅምት ሊያልቅ ሲል፣ እነርሱ ኖቬምበር የሚሉት ወር ሲጀምር፣ አጋዘን ለማደን ወደ ጫካ መውጣት ነው።

በዚያ ክፍለ ግዛት በመደበኛው ሕግ፣ ከ1979 ዓ.ም. በኋላ የተወለደ ሰው የአደን ፈቃድ ከማውጣቱ በፊት የጠመንጃ ጥንቃቄ ትምህርት ተምሮ የምስክር ወረቀት መያዝ አለበት። የወንድማችን ሴት ልጅ 13 ዓመት የሆናት ስትሆን፣ ይህን ትምህርት በዚያው በጋ ፈጽማ ወረቀትዋን ይዛ ነበር። ስለዚህ አባትዋ ለመጀመሪያ አደንዋ የሚሆን ጠመንጃ ፈለገ፤ ሕጉ እንደሚያዝዘው ቅጽ ሞልቶና ያለፈ ታሪኩ ተጣርቶ፣ አንድ አሮጌ ጠመንጃ ከአዲሱ ዋጋ ከግማሽ ባነሰ ገዛ። ሻጩ ዋጋውን የቀነሰው እንጨቱ ስለ ተጫረና የብረቱ ቀለም ስለ ለቀቀ ነበር።

እኛ በደረስንበት ቀን ማታ ወንድማችን ጠመንጃውን በማእድ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አጋደመው። ጥይት አለመኖሩን በዐይንም በጣትም ካረጋገጠ በኋላ፣ ከኪሱ አንድ የተጣጠፈ ወረቀት አወጣ። በወረቀቱ ላይ ሊያሠራቸው ያሰባቸው ለውጦች በተራ ተጽፈው ነበር። ወደ እኛም ዘወር ብሎ፣ «አንተ በሚሲዮን ትምህርት ቤት የእንጨት ሥራ የተማርህ ሰው ነህ፤ መጋዙን ለአንተ አቆይቼልሃለሁ» አለን።

ወደ ወረቀቱ ከመግባታችን በፊት ስለ ጠመንጃው ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። አማርኛ በመማር ላይ ያሉት አንባብያን እንዲከተሉን የክፍሎቹንም ስም እንጠቅሳለን። በትከሻ ላይ የሚያርፈው እንጨት ሰደፍ ይባላል፤ ጥይቱ የሚወጣበት አፍ አፈሙዝ፣ ጣት የሚስበው ምላጭ፣ ዐይን የሚመራበት ማነጣጠሪያ ነው። ከጥይቱ በርሮ የሚሄደው አረር ሲሆን፣ ተተኵሶ የሚቀረው ባዶው ናስ ቀለህ ይባላል። የዚህ ጠመንጃ ልዩነቱ ከምላጩ ሥር ባለው እጀታ መሰል ብረት ነው። ተኳሹ ብረቱን ወደ ታች ገፍቶ ሲመልሰው፣ ቀለሁ ይወጣል፤ መዶሻው ወደ ኋላ ይቆማል፤ ሌላ ጥይትም ይጐርሳል።

ጠመንጃው ዊንቸስተር 94 የሚባለው ነው። ንድፉን ያወጣው የዩታው ሰው ጆን ብራውኒንግ ሲሆን፣ የወጣበት ዓመት 1894 ከዐድዋ ጦርነት ሁለት ዓመት ብቻ ይቀድማል። በሚከተለው ዓመት ሠላሳ ሠላሳ የተባለው፣ ጢስ አልባ ባሩድ የያዘው ጥይት ተሠራለት። ከዚያ ወዲህ ከ7 ሚሊዮን በላይ ተሠርቶ በአሜሪካ ገበሬና ባላገር ቤት ሁሉ ገባ። ክብደቱ 3 ኪሎ ግራም ያህል ነው፤ ጥይቶቹም ከአፈሙዙ ሥር ባለ ቱቦ ውስጥ አንዱ ከሌላው ኋላ ተሰልፈው ይተኛሉ። የአንዱ አረር ጫፍ የፊተኛውን ጥይት መቀጣጠያ ስለሚነካ፣ ሹል ብረት የሆነ እንደ ሆነ ጠመንጃው ሲረግጥ በቱቦው ውስጥ ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ ለዚህ ጠመንጃ የሚሠራው አረር አፍንጫው አብዛኛውን ጊዜ ጠፍጣፋ ነው። ጠፍጣፋ አፍንጫ ደግሞ ነፋስ ስለሚይዘው ሩቅ አይሄድም፤ የሚታመነው እስከ 150 ሜትር ገደማ ነው። በጫካ ውስጥ ግን ከዚህ የሚርቅ አጋዘን በዐይንም አይታይ።

በወንድማችን ወረቀት ላይ የተጻፉት ለውጦች አምስት ነበሩ። አንደኛ፣ አፈሙዙን ማሳጠር፤ ሁለተኛ፣ በላዩ የርቀት መነጽር ማሰር፤ ሦስተኛ፣ የለቀቀውን ቀለም አስፍቆ ብረቱን እንደገና ማጥቈር፤ አራተኛ፣ የምላጩን እጀታ በሰፊ ቀለበት መለወጥ፤ አምስተኛ፣ ሰደፉን ለልጂቱ ክንድ ቈርጦና በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ ቫርኒሽ መቀባት። ወረቀቱን አንብበን ስንጨርስ ዝም አልን። ወንድማችን የገንዘቡ ወጪ ያሳሰበን መስሎት፣ «የተረፈኝ ገንዘብ ይበቃል» አለ። ዝም ያልነው ግን ስለ ገንዘቡ አልነበረም። ቫርኒሽ የሚለውን ቃል ስናነብ ሌላ ሰደፍ ትዝ ብሎን ነበር።

አያታችን፣ በትግርኛ አቦሓጎይ የምንላቸው፣ ከአባታቸው የወረሱት አንድ ውጅግራ ነበራቸው። ውጅግራ የተባለው ፈረንሳዮች በአውሮፓ አቈጣጠር በ1874 ዓ.ም. ያወጡት፣ በዐድዋም ዘመን በአገራችን በብዛት የነበረ፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጐርስ ጠመንጃ ነው። በሰደፉ ላይ አባታቸው በቢላዋ የጫሩአቸው አጫጭር መስመሮችና አንድ ትንሽ መስቀል ነበሩበት። የመስመሮቹን ትርጕም ሌላ ሰው አያውቅም ነበር። አያታችን ግን ማታ ማታ ጠመንጃውን ከግድግዳ አውርደው፣ መስመሮቹን በአውራ ጣታቸው እየዳሰሱ፣ አንዱን የረኀብ ዓመት፣ አንዱን የሩቅ መንገድ፣ አንዱን የወንድም ሞት እያሉ ያጫውቱን ነበር።

በዚያን ጊዜ 15 ዓመት ሆኖን ነበር። በሚሲዮኑ ትምህርት ቤት ሞረድና መላጊያ መያዝ ተምረን፣ ለዕረፍት ወደ ቤት ስንመለስ፣ የምናሻሽለው ነገር እንፈልግ ነበር። አያታችን ለልቅሶ ወደ ሌላ መንደር ሄደው ሦስት ቀን በቆዩ ጊዜ፣ እናስደስታቸው ብለን ሰደፉን ፈታን። በሞረድ ፋቅነው፤ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስነው፤ ከትምህርት ቤት ይዘነው የመጣነውን ቫርኒሽም ቀባነው። እንደ መስተዋት አበራ።

አያታችን በተመለሱበት ቀን ማታ እንደ ልማዳቸው ጠመንጃውን አወረዱ። አውራ ጣታቸው የለመደውን ቦታ ፈለገ፤ ሁለት ጊዜ ወደ ላይ፣ ሁለት ጊዜ ወደ ታች ሄደ። ከዚያ በኋላ ወደ እኛ ተመልክተው፣ «አምሮአል፤ እጅህ ይባረክ» አሉን። ጠመንጃውንም በቦታው ሰቀሉት። ከዚያች ቀን ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ማታ ማታ ሲያወርዱት አላየንም። ተቈጥተው ቢመቱን ኖሮ በረሳነው ነበር፤ ምርቃታቸው ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀንም።

ወንድማችን በዚያን ዘመን በአገር ውስጥ ስላልነበረ ይህን አያውቅም። በዚያች ማታ ነገርነው። ሰምቶ ሲጨርስ ለጥቂት ጊዜ አቀርቅሮ ቆየ፤ ከዚያም፣ «ታዲያ ልጂቱ በማይሆናት ጠመንጃ ትሂድ? ይህ ጠመንጃ የአያታችን አይደለም፤ ሰው ለጠመንጃ ሳይሆን ጠመንጃ ለሰው ነው የተሠራው» አለ። እውነቱን ነበር። ሰደፉ የረዘመበት ሰው ጠመንጃውን ወደ ትከሻው ሲያነሣ በብብቱ ይይዘዋል፤ ዐይኑም ከማነጣጠሪያው ጋር አይገጥምም፤ ያልገጠመ ዐይን የሚልከው ጥይት ደግሞ አጋዘኑን አቍስሎ ይሰድደዋል። እኛ ስላለፈው ስሕተታችን ብንጸጸት፣ ጸጸታችን ለልጂቱ ክንድ መለኪያ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ሁሉን አድርግ ወይም ሁሉን ተው ከማለት፣ አምስቱን ነገር አንድ በአንድ ለመመርመር ተስማማን። መመዘኛችንም አንድ ጥያቄ ብቻ ሆነ፤ ይኸውም፣ «ይህ ሥራ ከተሠራ በኋላ ብንጸጸት፣ ልንመልሰው እንችላለንን?» የሚል ነው።

በማግሥቱ አስቀድመን ጠመንጃውን ወደ አንድ የጠመንጃ ባለሙያ ወሰድነው። አሮጌ ጠመንጃ የገዛ ሰው የመጀመሪያ ገንዘቡን ለማሳመሪያ ሳይሆን ለምርመራ ማውጣት ይገባዋልና። ባለሙያው ፈትቶ የአፈሙዙን ውስጥ በብርሃን አየ፤ ጥይቱ የሚጐርስበትን ስፍራ በመለኪያ ፈተነ፤ ከአንድ ከላላ ብሎን በቀር ጤነኛ መሆኑን ነገረን። በብረቱ ላይ የተቀረጸውንም ቍጥር አይቶ ፈገግ አለ። ቍጥሩ ከ2,700,000 በታች ነበር። ፋብሪካው በ1964 ዓ.ም. የአሠራሩን ወጪ ለመቀነስ ብዙ ነገር ስለ ለወጠ፣ ከዚያ በፊት የተሠሩት በሰብሳቢዎች ዘንድ የበለጠ ይፈለጋሉ። ነገር ግን ዋጋቸው ከፍ የሚለው ሳይነኩ የቆዩ እንደ ሆነ ነው። ወንድማችን ወረቀቱን በኪሱ ውስጥ በእጁ ሲጨብጠው አየነው።

ከዚያ በኋላ ምርመራችን ቀና። አፈሙዙ 51 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በአሜሪካ ሕግ የጠመንጃ አፈሙዝ ያለ ልዩ ምዝገባ ከ16 ኢንች፣ ማለት ከ40 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ፣ ማነስ አይፈቀድለትም። በመጋዝ ጥቂት የተሳሳተ ሰው ከሕግ ውጭ ይሆናል ማለት ነው። ደግሞም ያጠረ አፈሙዝ የጥይቱን ፍጥነት ይቀንሳል፤ ጩኸቱን ወደ ተኳሹ ጆሮ ያቀርባል፤ የፊት ማነጣጠሪያውና የጥይቱ ቱቦ እንደገና እንዲገጠሙ ያስገድዳል። ይህ ጠመንጃ ከነሰደፉ አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ አጭር የሆነውን ማሳጠር፣ አማርኛው ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚለው ዐይነት ነው። ተውነው።

የርቀት መነጽሩም ነገር እንዲሁ ሆነ። በ1980ዎቹ ዓመታት ፋብሪካው ቀለሁ ወደ ጎን እንዲወጣ እስኪያደርግ ድረስ፣ የዚህ ጠመንጃ ቀለህ ወደ ላይ እየዘለለ ይወጣ ነበር። ስለዚህ በመካከሉ መነጽር የሚቆምበት ስፍራ የለውም፤ በጎን ለማቆም ደግሞ ብረቱን እንደገና መብሳት ያስፈልጋል። ይሁን እንጂ ባለሙያው በግራ በኩል ፋብሪካው ራሱ የበሳቸውንና በትናንሽ ብሎኖች የደፈናቸውን ሁለት ቀዳዳዎች አሳየን። በእነርሱ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ያለው የኋላ ማነጣጠሪያ ይታሰራል፤ ዐይን በቀዳዳው ውስጥ አሻግሮ የፊተኛውን ምልክት ብቻ ያያል። ነገ ባይወደድ በካቻቢቴ ይፈታል። ይህንን ተቀበልነው።

ሰፊው የእጀታ ቀለበት ጆን ዌይን በ1939 ዓ.ም. በወጣው ስቴጅኮች በተባለው ፊልም ጠመንጃ በአንድ እጁ ሲያዞርበት ታይቶ የተወደደ ነው። ወፍራም ጓንት ላደረገ ሰው ሊጠቅመው ይችላል፤ የልጂቱ እጅ ግን ትንሽ ስለ ሆነ አላስፈለጋትም። ብረቱን እንደገና ማጥቈርም፣ አስቀድሞ መፋቅን ስለሚጠይቅ፣ የተቀረጹትን ፊደላትና ስል የሆኑትን ጠርዞች ያደበዝዛል። በዚህ ነገር ግን የመጨረሻውን ቃል የተናገረችው ልጂቱ ናት። ጠመንጃውን በአንድ እጅዋ በሚዛኑ ስታነሣው፣ ጣቶችዋ የብረቱ ቀለም ለቆ ወደ ነጭነት በተለወጠበት ስፍራ ላይ ልክ ዐረፉ። አየችውና፣ «ሐወቦይ፣ ሌላም ሰው እዚሁ ላይ ይዞት ነበር ማለት ነው» አለችን። ሐወቦይ በትግርኛ የአባት ወንድም የሚጠራበት ስም ነው። ወንድማችን ከወረቀቱ ላይ ሦስተኛውን መስመር ሰረዘ።

የቀረው ሰደፉ ነበር። ልክዋን ብንወስድ ሦስት ሴንቲ ሜትር ይረዝምባታል። በጎኑ ላይም አራት ጭረቶች ነበሩ፤ ማን እንደ ጫራቸው፣ ስለ ምንም እንደ ጫራቸው የሚነግረን የለም። መጋዙ በጠረጴዛው ላይ ነበር። ወንድማችን፣ «ይህን ካልቈረጥን ምን እናደርጋለን?» ሲል፣ የገዛ አፋችን ሳናስበው መልስ ሰጠ፤ «ልጅ ያድጋል፤ የተቆረጠ እንጨት ግን አያድግም» አልን።

ነገሩ ከተነገረ በኋላ መንገዱ ቀላል ሆነ። ከዚሁ ባለሙያ ዘንድ፣ ከተሰበረ ጠመንጃ የተረፈና ለዚህ የሚገጥም ሌላ አሮጌ ሰደፍ በጥቂት ገንዘብ ገዛን። አሥር ጊዜ ለክተህ አንድ ጊዜ ቍረጥ እንደሚባለው፣ ልጂቱን ጠመንጃ እያስያዝን ደጋግመን ለካን፤ ከዚያም እኛው ራሳችን ቈረጥነው። ከኋላውም ረገጣውን የሚያበርድ ላስቲክ ገጠምንለት። ጥንተኛው ሰደፍ ግን በመጋዝም በብርጭቆ ወረቀትም አልተነካም። በተልባ ዘይት ብቻ ወልውለን፣ በጨርቅ ጠቅልለን፣ ከልብስ ቁም ሣጥኑ በላይ አስቀመጥነው።

በወረቀቱ ላይ ያልነበረ አንድ ነገር ደግሞ ጨመርን። ይህ አሮጌ ጠመንጃ በኋላ ዘመን በ1992 ዓ.ም. የተጨመረው የመጠበቂያ አዝራር የለውም፤ መጠበቂያው መዶሻውን በግማሽ ማቆም ነው። ብርድ ያደነዘዘው አውራ ጣት መዶሻውን ሲመልስ ሊያመልጠው ይችላል። ስለዚህ አባትና ልጅ፣ ከመቀመጫቸው እስኪደርሱ ድረስ ጥይት ላታጐርስ፣ ሲነሡም አስቀድማ ልታወጣ ተስማሙ። ይህ ለውጥ ምንም ገንዘብ አልጠየቀም፤ ሆኖም ከሁሉ የሚበልጠው እርሱ ይመስለናል።

እኛ አደኑ ሳይጀመር ወደ አገራችን ተመለስን። በጠረጴዛችን ላይ ከእኛ በፊት የነበሩ ሰዎች ያደራጁት መዝገብ፣ የእነርሱ ምልክት ያለበት፣ ጠብቆን ነበር። ሌላ ቦታ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉን አፍርሰን እንደ ገና በምናደራጀው ነበር። አሁን ግን በመጀመሪያ ምልክቶቹ ምን ማለት እንደ ሆኑ ጠየቅን። የሥራ ባልደረቦቻችንና አማርኛን እንደ እኛ ተምረው የያዙ አንባብያንም ይህን ሳያውቁት አይቀሩም፤ ከሌላ እጅ የተረከብነውን ነገር ለእኛ እንዲስማማ ማድረግ የተፈቀደ ነው፤ ነገር ግን ገና ሳናውቀው ከምንፍቀው፣ ሲያስፈልግ ሊፈታ በሚችል ብሎን ብናስረው ይሻላል።

በጥር ወር ከልጂቱ ደብዳቤ ደረሰን። በትግርኛ ጀምራ በእንግሊዝኛ የጨረሰችው ነው። በመጀመሪያው ቀን አንድ አጋዘን ከዛፎች መካከል እንደ ወጣላት፣ ጠመንጃውንም አንሥታ በቀዳዳዋ ውስጥ እንዳየችው፣ ከበስተኋላው ምን እንዳለ ስላልታያት ግን ሳትተኩስ እንዳወረደችው ጽፋለች። አባትዋ በዚያች ማታ ከሥጋ ይልቅ ይህ ደስ እንዳሰኘው ነገራት። በደብዳቤው መጨረሻም እንዲህ የሚል ነበረ፤ «ሐወቦይ፣ ትናንት ክንዴን ለካነው፤ አንድ ጣት አድጓል። የድሮው ሰደፍ አሁንም ከቁም ሣጥኑ ላይ ነው።»